የዝማም ትሪዎች

ባለፈው ሰሞን ከደብረ ታቦር ወደ ወገዳ ስመለስ አውቶቡሳችን መካነ ኢየሱስ ላይ ጎማ ሊያስጠግን ቆመ። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አይሆንልኝም። ሌላው ተሳፋሪ ጥላ ሲፈልግ መንገዱን ተሻግሬ ከአንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከካርቶን ውስጥ አዳዲስ ትሪዎች እያወጣ የተጠቀለሉበትን ወረቀት ይልጣል። ወረቀቱ በተላቀቀ ቁጥር የአዲስ ቆርቆሮና የቀለም፣ ትንሽም የማሽን ዘይት ሽታ ይወጣል።

«ምን ልስጥሽ?» አለኝ።

«ምንም። ላሽትተው ነው።»

ሰውየው መጀመሪያ ትሪውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «ማሽተት እንኳ በነፃ ነው» ብሎ አቀበለኝ።

አፍንጫዬን ሳስጠጋ ሱቁም አውቶቡሱም ቀሩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ወገዳ፣ አባቴ ቤት፣ የመደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴን በመልክ አላውቃትም። ያሳደገችኝ የአባቴ እናት ነበረች፤ በዚያ ዓመት እሷም የለችም። ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባቴ፣ ወንድሜ ዘውዱና እኔ ነን። ሦስታችንም ዕቃ ማንሣት እንጂ መመለስ አናውቅም። የነበረን አንድ ጠረጴዛ ነው፤ እሱ ላይ ያልነበረ ነገር አልነበረም። ክብሪት፣ የአባቴ መነጽር፣ ጨው፣ የዘውዱ ስልክ ገመድ፣ የበሬ መድኃኒት፣ መርፌ የተሰካበት ሳሙና፣ ዳዊት፣ የኔ የሒሳብ ደብተር፣ ማን እንደበላው የማይታወቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ። ምግብ ሲቀርብ ዘውዱ ሁሉንም በክንዱ ጠርጎ ወደ አንድ ጥግ ይገፋዋል። የሚወድቀው ይወድቃል። ከዚያ ማን እንዳስቀመጠው እንጨቃጨቃለን።

ዘውዱ ዝማምን ከእስቴ ያገባው በዚያ ዓመት ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ነው። ከእስቴ ከተማ፣ ከመካነ ኢየሱስ፣ ወገዳ ያለው መንገድ ሰውን እንደ ቆሎ ያምሳል። ሙሽራዋ ግን ያን ሁሉ መንገድ በጋቢ የተሸፈነ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር ጭኗ ላይ ይዛ ነው የመጣችው። ሚዜዎቹ ልያዝልሽ ቢሏት እምቢ አለች። ሣጥኗ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሲወርድ ተፍቆ ቀለሙ ሲላጥ እንኳ ዞር ብላ አላየችም። እኔ በር ላይ ቆሜ አየኋት። በጨርቅ የተሸፈነ፣ ማንም የማይነካው ነገር እስከዚያ ቀን ያየሁት በጥምቀት ብቻ ነው። ታቦት ይዛ የመጣች መስሎኝ ነጠላዬን አጣፍቼ ሰገድኩ። ሠርገኛው ለሙሽራዋ የሰገድኩ መስሎት ሳቀ።

በማግስቱ ጋቢው ሲገለጥ ሦስት ትሪዎች ወጡ። አንዱ ትልቅ ክብ ሆኖ መሐሉ ላይ ጅራቱን የዘረጋ ሰማያዊ ወፍ ተሥሎበታል። አንዱ ሞላላ፣ እንጨት የሚመስል። አንዱ ትንሽ፣ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተበሳሳ። ያ ሽታ ቤቱን ሞላው።

ጎረቤታችን እትየ ደብሬ ልታይ መጥታ ከንፈሯን መጠጠች። «ሰው ሙሽራ ሆኖ ሲመጣ ሞሰብ ይዞ ይመጣል። ይች የሻይ ቤት ዕቃ ይዛ መጣች።»

ዝማም ሰማች። ፈገግ ብላ ትሪውን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባቴ ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው እጁን ሲሰድ እጁ ባዶ እንጨት ነካ። ጠረጴዛው ቀለም እንዳለው ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

«ዘውዱ፣» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሌባ ገብቷል ወይስ ሚስትህ ናት?»

«አባባ፣ ክብሪቱ እዚያ ትሪው ላይ ነው» አለች ዝማም።

«ክብሪት ትሪ ላይ ምን ያደርጋል? ሻይ ሊጠጣ ነው?»

«መነጽርዎም አለ። ዳዊትዎም አለ።» ሞላላውን ትሪ በሁለት እጇ ከነዕቃው ብድግ አደረገችው። «ጠረጴዛችን አንድ ነው አባባ። ስንበላ እንዲህ ይነሣል፤ በልተን ስንጨርስ እንዲህ ይመለሳል። የሚወድቅ የለም።»

አነሣችው፤ መለሰችው። አንድም ነገር አልተንኮሻኮሸም። አባቴ መነጽሩን አንሥቶ አደረገ፤ ትሪውን በመነጽሩ ደግሞ አየው። ምንም አላለም። አባቴ የማይወደውን ነገር ዝም ብሎ አያልፍምና እኔ ገባኝ።

ዝማም ይህን ከየት እንዳመጣችው ያሳየችኝ ስልኳ ላይ ነው። እስቴ እያለች አንዲት ጓደኛዋ የላከችላት ፎቶ ነበር፤ የሌላ አገር ሰው ቤት፣ ትሪ ላይ የቆመ ሻማ፣ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ነጭ አበባ። ስልኩን በጣቷ እያሰፋች ታስረዳኛለች። «ከኋላ ረጅሙ ይቆማል። መሐል ክቡ። ከፊት አጭሩ። አየሽ? ሁሉም አንድ ቁመት ከሆነ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች ይመስላሉ።»

«ይህ ጥግ ለምን ባዶ ሆነ?»

«እሱ ዓይን የሚያርፍበት ነው።»

የባሕር ቅርፊት ወገዳ ከየት ይመጣል? እሷ ለረጅሙ የዘይት ጠርሙስ አጥባ የገብስ ዛላ ሰካችበት። ለክቡ ትንሽ ቅል ዘይት ቀብታ አስቀመጠች። ለአጭሩ የአያቴን የቡና ስኒ፣ ጆሮው የተሰበረውን፣ ስብራቱን ወደ ኋላ አዙራ። የትልቁን ትሪ አንዱን ጥግ ባዶ ተወችው።

እኔ ያ ጥግ አላስተኛ አለኝ። ዓይን የሚያርፍ ከሆነ ዓይኑ ከየት ነው የሚመጣው? የማን ዓይን ነው? በኋላ ላይ የደረስኩበት መልስ፣ አንድ ነገር ሊመጣ ስለሆነ ቦታ ተይዞለታል የሚል ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እሄድና አያለሁ። አልመጣም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ አያለሁ። አልመጣም። ለማንም አልተናገርኩም፤ የሚመጣው ነገር እንዳይፈራ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትሪዎቹን ማጠብ የኔ ሥራ ሆነ። የወገዳ አቧራ የማይገባበት ቤት የለም፤ ከሚያዝያ በኋላማ ነፋሱ መሬቱን ራሱን ተሸክሞት ይዞራል። አመድ በውኃ ለውሼ በጨርቅ እፈትጋለሁ፣ በሎሚ ልጣጭ እጨርሳለሁ። ሰማያዊውን ወፍ ሳጥብ እጄ ይቀልላል። ሙሽራ የሆነች ዶሮ ትመስለኝ ነበር።

«እታለም፣» አልኳት ዝማምን አንድ ቀን፣ «ይች ዶሮ እንቁላሏ ምን ዓይነት ነው?»

«ዶሮ አይደለችም። ጣዎስ ይሉታል። ደግሞ ወንድ ነው።»

«ወንድ ሆኖ ይህን ያህል ከተኳለ ሴቷ እንዴት ልትሆን ነው?»

«ሴቷ ግራጫ ናት» አለች ዝማም ሊጥ ያለበትን እጇን እየጠረገች። «ሥራ ይበዛባታላ።»

እኔ ግን ዶሮዋን ዶሮ ማለቴን አልተውኩም።

ሰው የሚወደውን ነገር ሳያበላሽ አይማርም መሰለኝ፤ እኔም በራሴ መደርደር ጀመርኩ። አንድ ቀን ከግድግዳው ላይ ሰፌድ አውርጄ ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርትና የዘውዱን ቁልፍ አስቀመጥኩበት። ከኋላ የሚቆም ረጅም ነገር ሳጣ የአባቴን የቀኝ ጫማ ተረከዙን ወደ ታች አድርጌ ግድግዳውን አስደግፌ አቆምኩት። አባቴ በአንድ እግሩ ጫማ እንዳደረገ ሲፈልግ ቆይቶ አገኘው።

«ጫማዬን ማን ሾመው?» አለ።

ዝማም ሳቋን ለመያዝ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ጫማውን አንሥቶ ሰፌዱን ቆሞ ተመለከተው። ከዚያ የሽንኩርቱን አንድ ራስ ትንሽ ወደ ግራ ገፋ አደረገ። «እንዲህ ይሻላል» ብሎ ወጣ።

ትንሿ ትሪ ለብዙ ጊዜ ሥራ ፈታ ነበር። አንድ ቀን ዝማም የእህል ሣጥኑን ስታጸዳ ከሥሩ በጨርቅ የተቋጠረ የአያቴን መቁጠሪያ አገኘች። «የት ነበር የምታስቀምጠው?» አለችኝ። አያቴ የምትተኛበትን የመደቡን ራስጌ አሳየኋት። መደቡን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ትንሿን ትሪ እዚያ አደረገች፤ መቁጠሪያውን ብቻውን ከላይ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ሌላ ምንም አልጨመረችም። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ አየው። ቀንበሩን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆመ። ከዚያ ቀንበሩን አስቀምጦ መጥቶ ከመደቡ ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እናቱ ተኝታ ሊቀሰቅሳት እንዳልፈለገ ሰው። ያን ቀን እራት ላይ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ለዝማም ሰጣት።

የአያቴ ነገር ከተነሣ ማኅበሩ መጣ።

አያቴ የእመቤታችን ማኅበር ጠጪ ነበረች። የሰፈሩ እናቶች በየወሩ በሃያ አንድ በተራ ይደግሳሉ፤ መምሬ አስረስ መጥተው ጸሎት ያደርጋሉ፣ የማኅበርተኞቹን ስም ይጠራሉ፣ የሞቱትንም ቤታቸው በማኅበሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ይጠራሉ። አያቴ ስትሞት ቦታዋ የቤታችን ሆኖ ቀረ፤ «ቤቱ ሴት ሲገባበት ትተካለች» ተባለ። አሁን ሴት ገባችበት። ግንቦት ሃያ አንድ ዝማም ደግሳ ታያለች፤ ከተቀበሏት የአያቴ ስም በጸሎቱ ይቀጥላል፤ ካልተቀበሏት ቦታው ሌላ ለምትጠብቅ ሴት ያልፋል፣ ስሙም አብሮ ይቆማል። አባቴ ስለዚህ ነገር ብዙ አልተናገረም። ግን ለድግሱ የሚሆነውን ገብስ ራሱ መርጦ ራሱ አበጠረው።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አዛዧ፣ እማሆይ ትርንጎ ነበሩ። ቀጭን፣ ቢጫ ቆብ ያደረጉ መነኩሲት ናቸው፤ ሲናገሩ ከንፈራቸው ብዙ አይከፈትም። ከሠርጉ በኋላ አንድ ጊዜ መጥተው ቤቱን ዞር ዞር ብለው አይተው «ሱቅ መሰለ» ብለዋል። ሌላ አላሉም። ዝማም ያችን ቃል አራት ወር ሙሉ አልረሳቻትም።

ቀኑ ሲደርስ ጠላው ተጠምቋል፣ ድፎ ዳቦው ተጋግሯል፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ ተነስንሷል። ዝማም ከበሩ ገባ ሲሉ ባለው ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ትልቁን ትሪ አስቀመጠች። ነጭ ዳንቴል አነጠፈችበት፤ ከዶሮዋ የሚታየው የጅራቷ ጫፍ ብቻ ሆነ። ከኋላ የእመቤታችንን ሥዕል አቆመች። መሐል ላይ ሻማ በብርጭቆ አድርጋ ለኮሰች። በጎን የገብስ ዛላዋን። ከፊት ለፊት ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተወች።

«ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት እሷን ይሁን» አለችኝ። የዳንቴሉን ጫፍ ደግማ አቃናች። «አምሯል?»

«አምሯል» አልኳት። እንደዚያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እማሆይ ትርንጎ ፊት ሆነው ገቡ። ሥዕሉን፣ ሻማውን፣ ነጩን ጨርቅ አዩ። ቆሙ፣ አማተቡ፣ ጎንበስ ብለው ሥዕሉን ተሳለሙ። ከዚያ የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ብር አወጡና ከፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጡ። ከኋላቸው የነበሩትም አማተቡ፣ ተሳለሙ፣ መቀነታቸውን ፈቱ። ብር በብር ላይ፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ። እትየ ደብሬም ጣለች።

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ለካስ ባዶው ቦታ ይህን ሲጠብቅ ኖሯል። ወደ ጓዳ በረርኩ።

«እታለም፣ መጣ።»

«ማን መጣ?»

«ባዶው ቦታ ላይ የሚመጣው።»

ዝማም ዳቦውን ተሸክማ ወጣች፤ ትሪውን አየች። ዳቦው በእጇ ላይ ዘመም አለ። የመጨረሻዋ ሴት ሳንቲሟን ጥላ ስትቀመጥ አየቻት። ዳቦውን አስቀምጣ ተመልሳ ጓዳ ገባች፣ ፊቷን በነጠላዋ ያዘች። እትየ ደብሬ ተከትላት ገባች፤ ነገሩ ገብቷታል።

«ምጽዋት የምትሰበስቢ መስሏቸው ነው» አለቻት በሹክሹክታ። እንደ ፈራሁት አላፌዘችባትም። «እኔም መስሎኝ ነበር። ስሚኝ፣ ዝም በይ። ቢጠይቁሽ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ነው ትያለሽ። ጣሪያውም እኮ ያፈሳል። ይመርቁሻል፣ በቃ፣ ገባሽ ማለት ነው።»

«እንዴት እንዲህ እላለሁ?»

«በአፍሽ።»

ጸሎቱ ተደረገ። መምሬ አስረስ የማኅበርተኞቹን ስም ጠሩ፤ የአያቴ ስም ሲደርስ አባቴ በር ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ከዚያ መምሬ ወደ ትሪው ተመለከቱ።

«መልካም ነገር አስበሻል ልጄ። ለየትኛዋ ደብር ነው? ስሟን ጠርቼ ላሳርግበት።»

እትየ ደብሬ ዓይኗን አፍጥጣ ዝማምን ታያታለች። አባቴ ነገሩ ገና አልገባውም። ዝማም እንሥራውን ወደ መሬት አወረደች።

«ለየትም አይደለም አባ» አለች። «ምጽዋት እንዲጣልበት አላስቀመጥኩትም። ቤቱ እንዲያምር ብዬ ነው። ጌጥ ነው።»

«ጌጥ?» አሉ እማሆይ ትርንጎ። «እመቤታችንን ለጌጥ?»

«እሷን ለጌጥ አይደለም እማሆይ።» ድምፅዋ ቀጠነ፣ ግን አልተቆረጠም። «ቀኑ የሷ ነው። እናንተም የሷ እንግዶች ናችሁ። ስትገቡ መጀመሪያ ፊቷን እንድታዩ ብዬ ነው። ሻማውም ፊቷ እንዲታይ ነው። ባዶውን ቦታ የተውኩት… ዕቃ ሲበዛ ሥዕሏ እንዳይሸፈን ነው። ገንዘብ ይጣልበታል ብዬ አላሰብኩም። ጓዳ ነበርኩ። ባየሁ ጊዜ ደግሞ እርስዎን መልሱት ማለት ፈራሁ።»

እማሆይ ከብርጭቋቸው ተጎነጩ። ዋጡ። ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«ለሚያፈሰው ጣሪያ ነው ብትለን ኖሮ ምን እንል ነበር?»

እትየ ደብሬ የቀሚሷን ጫፍ አጠፈች፣ ዘረጋች።

«እሰይ እንል ነበር» አሉ እማሆይ ለራሳቸው ጥያቄ። «እኔ ራሴ ሁለተኛ ብር እፈታ ነበር።»

ከወዲያ ጥግ አንዲት አሮጊት ሳቅ አመለጣት፤ ሌላዋ ተከተለቻት። መምሬ ጢማቸውን ይዘው «ታዲያ ገንዘቡ ምን ይሁን?» አሉ።

«ለእመቤታችን ብለን ጣልን፤ የእመቤታችን ነው» አሉ እማሆይ። «የጣልንበትም ዕቃ እንዲሁ።»

ሁሉም ገባቸው፤ ለዝማምም ገባት። በስሟ ገንዘብ የተጣለበት ዕቃ ተመልሶ ቅልና ስኒ አይሸከምም። ዝማም ወደ ዱካው ሄደች። ጠርሙሱን አነሣች። ብርጭቆውን ከነሻማው አነሣች። ሥዕሉን ተሳልማ ለኔ አቀበለችኝ። ዳንቴሉን ጫፉን ይዛ ትንሽ አሰበችና ተወችው። ከእስቴ ጀምራ ጭኗ ላይ ያመጣችውን ትሪ በሁለት እጇ ይዛ ለመምሬ ሰጠቻቸው።

እኔ አልቻልኩም። «ዶሮዋን ወሰዷት» ብዬ አለቀስኩ።

«የምን ዶሮ?» አሉ መምሬ፤ ከሳንቲሙ ሥር ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው አዩ። ሰማያዊው ጅራት ወጣ። እማሆይ ትርንጎም አንገታቸውን አስግገው አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈራቸው ሲከፈት አየሁ።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናየዋለን።»

ከዚያ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ወደ ዝማምም ቀረቡ። እኔ የሚቆጧት መስሎኝ ሥዕሉን እንዳቀፍኩ ከኋላዋ ተሸጎጥኩ።

«የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

አባቴ በሩ ላይ ቀና አለ። የክርስትና ስም የሚጠየቀው በጸሎቱ ውስጥ ለሚጠራ ሰው መሆኑን እሱ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም ነበር። ዝማም ሌላ ስም እንዳላትም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

«ወለተ ሐና» አለች።

ቀስ ብላ ስለተናገረች ከመደቡ ጥግ ያሉት እናቶች አልሰሙም፤ ማን አለች፣ ማን አለች ይባባላሉ። እማሆይ ትርንጎ ዞር ብለው፣ ለደካማ ጆሮም እንዲሰማ አድርገው፣ ራሳቸው ደገሙላቸው።